እሳት ያዩት ሽማግሌዎች

ይህ ነገር የገጠመኝ ባለፈው ዓመት ግንቦት፣ እዚሁ ቆቦ ውስጥ ነው። የማልረሳው ትልልቅ ሰዎች ያላዩትን ነገር ምለው የመሰከሩት ፊት ለፊቴ ስለሆነ ነው። ይባስ ብሎ ምስክርነታቸውን ያጸደቅኩላቸው እኔው ራሴ ነኝ። የሰዎቹን ስም ቀይሬያለሁ። ባልቀይረውም ለውጥ አልነበረውም፤ ቢያነቡት እንኳ ሌላ ሰው ላይ የደረሰ ነው ብለው ይስቃሉ እንጂ ራሳቸውን አይጠረጥሩም።

ፋርማሲስት ነኝ። ዋናው መንገድ ዳር መድኃኒት ቤት አለኝ። እኛ ዘንድ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ስለሆነ ዶክተር ይሉኛል፤ አይደለሁም ማለት ከተውኩ ቆይቻለሁ። ዕድሜዬ አርባን ተሻግሯል፣ አላገባሁም። ይህንን የሚያስታውሰኝ ሰው አጥቼ አላውቅም።

ባል ባይኖረኝም ቴሌስኮፕ አለኝ። እዚህ አካባቢ የመስኖ ሥራ ላይ የነበረ አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ዕቃውን ሸጠ። ሰው ፍሪጁና ሶፋው ላይ ሲራኮት እኔ ጥግ ላይ የቆመውን ረጅም ጥቁር ቱቦ አነሳሁ። ከታች ጫፉ ዓይን ይደረግበታል፤ ከላይ ጫፉ ትልቁ መስታወት አለ። መስታወቱ አቧራ እንዳይጠጣ ጥቁር የፕላስቲክ ክዳን አለው። የቆላ አቧራ የሚያውቅ ሰው ክዳኑን እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ እንደማላነሳው ይገባዋል።

አጠቃቀሙን ከስልኬ ላይ እያነበብኩ ተማርኩ። ሰማይም እንደ ማሽላ ወቅት ወቅት አለው። በጥቅምትና በኅዳር አየሩ ሲጠራ አንድሮሜዳ የሚባለው ጋላክሲ ከአናታችን በላይ ይመጣል። በታኅሣሥና በጥር ኮከብ የሚወለድበት የጋዝ ደመና አለ፣ የኦሪዮን ኔቡላ ይሉታል። በግንቦት ደግሞ ወደ ደቡብ፣ በጎብዬ በኩል ዝቅ ብሎ፣ ኦሜጋ ሴንታውሪ ይወጣል። ስፍር ቁጥር የሌላቸው ኮከቦች አንድ ላይ እጅብ ብለው ክብ ሠርተው የሚታዩበት ነው። ክረምት ሲገባ ቴሌስኮፑ በጨርቅ ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን አናት ላይ ይተኛል። አንዳንድ ምሽት ዝናቡ አባርቶ ደመናው ሲቀደድ ግን አውርጄው እሮጣለሁ።

መጀመሪያ ሰሞን ሰው ይወደዋል ብዬ ነበር። የዋህ ነበርኩ። ኅዳር ላይ አንድ የቢሮ ኃላፊ መጣ። አንድሮሜዳን አስተካክዬ ሰጠሁት። ደብዛዛ ነገር ለማየት ቀጥ ብሎ ማፍጠጥ አይበጅም፣ ከጎኑ አየት ማድረግ ነው፣ ትንሽም መታገስ ያስፈልጋል አልኩት። አልታገሠም። «ጉም ነው እንዴ?» አለኝ። ይህ ብርሃን ከዚያ ሲነሳ ሰው የሚባል ፍጥረት ገና እንዳልነበረ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀና «ወልዲያን ያሳያል?» ብሎ ጠየቀኝ። አያሳይም ስለው ሻዩን ጨልጦ ሄደ።

ጥር ላይ የመጣው ወጣት ደግሞ ስልኩን አውጥቶ ከቱቦው ጋር ራሱን ፎቶ አነሳ። አንዴም በቱቦው ሳያይ ወጣ። ፎቶውን ግን ለጥፎት ነበር፤ «የጠፈር ተመራማሪው» የሚል ጽፎበታል። ከዚያ በኋላ ማንንም መጋበዝ ተውኩ። ግቢዬን ዘግቼ ብቻዬን ማየት ጀመርኩ።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልምጣ።

ከመድኃኒት ቤቴ አጠገብ ሰዓዳ የምትባል ልብስ ሰፊ አለች። የጎረቤቴ የእትየ ሞሚና ልጅ ናት። ኑሩ የሚባል የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ወደዳት፣ እሷም ወደደችው። ሽማግሌ ተልኮ፣ እሺ ተብሎ፣ ሠርጉ ለግንቦት መጨረሻ ተቆረጠ። የሰዓዳ ቤት ሊጡ ሳይቀር ተቦክቷል ማለት ይቻላል።

ያን ጊዜ የኑሩ አባት፣ ጋሽ ይማም፣ ለአንድ ጉዳይ ዋጃ ሄዱ። ዋጃ ላይ አንድ ኮከብ ቆጣሪ አለ፣ አዋቂ ይሉታል። ዕውቀቱ ይህ ነው፦ የልጅቱን ስም ከእናቷ ስም፣ የልጁን ስም ከእናቱ ስም ጋር ደምሮ ፊደሎቹን ይቆጥራል፣ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለቱን እየገደፈ ይቀንሳል፣ የተረፈውን ኮከብህ ነው ይላል። ሰማዩን አንድ ቀን ቀና ብሎ አይቶት እንደሆነ እጠራጠራለሁ። ጋሽ ይማም እግረ መንገዳቸውን የልጃቸውን አስቆጠሩ። የሰዓዳ ኮከብ አሰድ፣ እሳት ነው ተባለ። የኑሩ አቅራብ፣ ውሃ። እሳቷ ውሃውን እያተነነ ይጨርሰዋል፣ ልጅህ ዓመት ሳይሞላው ይደርቃል አላቸው።

ለፓምፕ ጠጋኝ የውሃ ኮከብ፣ ቀኑን ሙሉ የከሰል ካውያ ለምትይዝ ልብስ ሰፊ የእሳት ኮከብ መስጠት ምን ዕውቀት ይጠይቃል? እኔ ብሆን ለጋሽ ይማም የአህያ ኮከብ እሰጣቸው ነበር። ሰውየው ግን ከዋጃ ሲመለሱ ከሚኒባሱ ወርደው በቀጥታ እትየ ሞሚና ቤት ሄዱና ነገሩ ይቅር አሉ።

በማግስቱ እትየ ሞሚና መድኃኒት ቤት መጡ። የራስ ምታት መድኃኒት ሊገዙ የመጡ መስሎኝ ነበር።

«ዶክተር፣ ጉድ ሆነናል» አሉ። «ልጄ እህል አልቀምስ አለች። ከተማው ሰምቷል። የታጨች ልጅ በኮከብ ከተመለሰች ማን ይጠጋታል? ያች የመስታወት ቱቦሽ ኮከብ ታሳይ የለ? አንቺ እዪና ንገሪያቸው።»

«እትየ ሞሚና፣ እኔ የማየው ሌላ ነው» አልኳቸው።

«ኮከብ አይደለም እንዴ?»

«ኮከብ ነው።»

«ታዲያ!» አሉ። እጄን ያዙ። «ላሏህ ብለሽ። አንቺን ይሰማሉ፣ የተማርሽ ነሽ።»

የተማረ እንደማይሰማ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ቢሆንም የዋጃውን ሰውዬ ውሸት በማስረጃ የማፍረስ ዕድል ስላገኘሁ ደስ አለኝ። እሺ አልኩ። ዕቅዴ ቀላል ነበር። አቅራብ፣ ጊንጡ፣ የሚባሉት ኮከቦች ግንቦት ላይ በጊዜ በምሥራቅ በኩል፣ ከዞብል ተራራ በላይ ይወጣሉ። መሐላቸው ላይ አንድ ቀይ ኮከብ አለ። እሱን አሳያቸውና «ይኸው የልጅዎ አቅራብ፣ የት አለ ውሃው? ኮከብ የተባለ ሁሉ እሳት ነው፣ የውሃ ኮከብ የሚባል በሰማይ የለም» እላቸዋለሁ። ከዚያ በላይ ግልጽ ነገር ከየት ይመጣል?

ሐሙስ ምሽት፣ ከመግሪብ ሰላት በኋላ መጡ። ጋሽ ይማም፣ የባለቤታቸው ወንድም ጋሽ ከድር፣ ሌላ ደግሞ አባ ሰይድ የሚባሉ የሰፈሩ ሽማግሌ። እትየ ሞሚና ጥግ ላይ ቆሙ። ልጆቹ በባህሉ መሠረት የሉም። ዕድሜ ልካቸውን አንድ ላይ የሚኖሩት እነሱ ስለሆኑ መስማት አይፈቀድላቸውም።

ቱቦውን አስቀድሜ ወደ ቀዩ ኮከብ አዙሬዋለሁ። ነፋሱ አቧራ እያመጣ ስለነበር ክዳኑን አላነሳሁትም። የግቢው መብራት በርቶ ስለነበር «አንዴ መብራቱን ላጥፋ» ብዬ ወደ ቤት ገባሁ።

እኛ ዘንድ ማዕድ ሲቀርብ እጁን የሚሰድ፣ በር ሲከፈት የሚገባ፣ ሁልጊዜ ትልቁ ሰው ነው። ቴሌስኮፕም ሲቀርብ እንደዚያው ሆነ። መብራቱን አጥፍቼ ስወጣ አባ ሰይድ «ይማም፣ የልጁ አባት አንተ ነህ፣ አንተ ቅደም» ብለዋቸው፣ ጋሽ ይማም ኩታቸውን ወደ ኋላ ጥለው፣ ጎንበስ ብለው፣ ዓይናቸውን ቱቦው ላይ ለጥፈዋል። ጨለማው ውስጥ ክዳኑ መኖሩን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ቆይ ልበል ስል ቀደሙኝ።

«ሱብሃነላህ!» አሉ።

ምን ሊያዩ ነው?

«እሳት ነው! ወላሂ እሳት ነው! ሲንቀለቀል ይታየኛል። ይኸው እኮ፣ ሰውየው መች ዋሸ! የልጅቱ ኮከብ ነው። ቀይ፣ ቀይ እሳት!»

ዓይናቸውን አጥብቀው ተጭነውት የሆነ ብልጭታ ታይቷቸው ይሆናል። ያም ሆኖ ሰው የተከደነ ነገር ውስጥ የሚያየው ሊያይ የመጣውን መሆኑን ያን ምሽት ተረዳሁ።

ጋሽ ከድር ቀጠሉ። ጎንበስ አሉ፣ ረጅም ጊዜ ቆዩ። ይህ ሰውዬ ቢያንስ አንድ ነገር ይጠይቅ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደረግኩ። ቀና ሲሉ የጋሽ ይማምን ቃል መልሰው ሰጡን፦ «እውነት ነው። እሳት ነው። አጃኢብ!»

አባ ሰይድ ሦስተኛ ሆኑ። ዓይናቸው የዓይን ሞራ አለበት። ጠብታውን የምሸጥላቸው እኔ ነኝ፣ አውቃለሁ። እሳቸውም አዩ። እንዲያውም ከሁሉም በላይ አዩ፣ ጭሱ ሳይቀር ታይቷቸዋል።

ሳቄን እንዴት እንደያዝኩት አላውቅም። ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር። «ጋሽ ይማም፣ ክዳኑ አልተነሳም» ማለት ብቻ ይበቃኝ ነበር። ሦስቱንም አንድ ላይ አዋርዳቸው ነበር። ጉም ነው እንዴ፣ ወልዲያን ያሳያል ወይ፣ ያሉኝን ሁሉ በእነሱ ላይ እወጣው ነበር።

ከዚያ እትየ ሞሚናን አየሁ። ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ከተው ነክሰውታል። እሳት የተባለው የልጃቸው ኮከብ መስሏቸዋል። ነገሩ ያበቃለት መስሏቸዋል። እኔ ደግሞ ክዳኑን ካነሳሁ በእርግጥም ያበቃለታል፤ ወላሂ ብሎ በሰው ፊት የተዋረደ የራያ ሽማግሌ ለእልሁ ሲል ልጁን እስከ ሽበት ያለ ሚስት ያስቀምጣል።

«ጋሽ ይማም» አልኩ። «አንቱ ያዩት የማንን ኮከብ መስሎዎት ነው?»

«የልጅቱን ነዋ። እሳቱን።»

«አይደለም። የወንድ ወገን ስለሚቀድም ቱቦውን መጀመሪያ ያዞርኩት ወደ ኑሩ ነው። ያ የዞብል ተራራ፣ ያ አቅራብ። ያዩት እሳት የልጅዎ ነው።»

ጋሽ ይማም ቱቦውን አዩ፣ ተራራውን አዩ፣ እኔን አዩ።

«የኑሩ ውሃ ነው ተብሎ…»

«እኔ ምን አውቃለሁ? አንቱ አይደሉ ወላሂ ብለው የማሉት? ጋሽ ከድርም አይተዋል። አባ ሰይድማ ጭሱን ሳይቀር።»

ሰውየው ተያዙ። መሐላቸውን ቢያጥፉት ሐሰተኛ ሊሆኑ ነው፣ ባያጥፉት ልጃቸው እሳት ሊሆን ነው። ያዳኗቸው አባ ሰይድ ናቸው። «ታዲያ ምን ቸገረህ፣ ይማም? እሷም እሳት፣ እሱም እሳት። እሳትና እሳት ይደጋገፋል እንጂ መች ይጠፋፋል? አልሃምዱሊላህ በል!» አሏቸው።

«አልሃምዱሊላህ» አሉ ጋሽ ይማም ቀስ ብለው።

እዚያው ቆመው ዱዓ አደረጉ። እትየ ሞሚና እልል አሉ። ማንም እስቲ የሰዓዳንም ኮከብ እንይ አላለም። የዋጃው አዋቂም ከዚያ በኋላ ሒሳቡን አስተካክሏል ብለውኛል፤ ጋሽ ይማም የኑሩን እናት ስም አሳስተው ነግረውት ነው አሉ። ሰውየው አይሳሳትም እኮ!

ሁሉም ሲሄዱ ክዳኑን አነሳሁና አየሁ። ቀዩ ኮከብ እዚያው ነበር። እውነተኛው እሳት የስንት ዘመን መንገድ ተጉዞ ደርሶ፣ ከእኔ በቀር የሚያየው አጥቶ ብቻውን ይነድዳል። በጣም ተናደድኩ። አልቅሻለሁም።

ነገሩ ግን እዚህ ላይ አላበቃም።

ሠርጉ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ምሽት ላይ፣ ሰዓዳ በሬን አንኳኳች። እጇ ሒና ተቀብቷል። ቴሌስኮፑን አውጥቼ ወደ ኦሜጋ ሴንታውሪ እያዞርኩት ነበር።

«እትየ» አለችኝ። «እውነት እሳት ነው ያያችሁት?»

ይህች ልጅ ወጣት ናት፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳለች፣ ቀልድ ታውቃለች። በመጨረሻ አብሮኝ የሚስቅ ሰው አገኘሁ ብዬ ሁሉንም ዘረገፍኩላት። የክዳኑን፣ የመሐላውን፣ የአባ ሰይድን ጭስ። አንድም ሰው ምንም አላየም አልኳት። እየሳቅኩ ነበር የነገርኳት።

አልሳቀችም።

«ታዲያ የሱ ውሃ ነዋ» አለች።

«የምን ውሃ? ሰዓዳ፣ የውሃ ኮከብ የለም። ሁሉም እሳት ነው። ፀሐይም ኮከብ ናት።»

«ሁሉም እሳት ከሆነ ለኔ ምን ያደርግልኛል? እኔ የጠየቅሁሽ የኔና የሱን ነው።» ዓይኗ እንባ ሞላ። «እሱን ላደርቀው ነው። እናቴ ለኔ ብላ ለመነችሽ። አንቺም ደበቅሽ። በውሸት እሳት እንዴት ብዬ ቤቱ እገባለሁ? ይቅርብኝ። አሁኑኑ ሄጄ ለእናቴ እነግራታለሁ።»

ተነሳች። ሽማግሌዎቹ ሊያፈርሱት ያልቻሉትን ሠርግ እኔ በእውነት ላፈርሰው ነው። ያን ጊዜ የተሰማኝ ንዴት እስካሁን አልወጣልኝም። የተናደድኩት በእሷ አይደለም፤ ይህንን ፍርሃት ሳትወለድ ጀምሮ አፏ ውስጥ በከተቱላት ሁሉ ነው። ዓይኔ እያየ የሚወዳትን ሰው ለመተው ወደ በሩ ትሄዳለች። ምን ላድርግ?

«ቆይ፣ አብሽሪ» አልኳት። «ያኔ ስላልታየ እንጂ አሁን እናያለን።»

ቱቦውን ትንሽ ወደ ግራ፣ ዝቅ አድርጌ ወደ ጎብዬ በኩል አዞርኩት። እዚያ አንድ በጣም የሚያበራ ኮከብ አለ። በባዶ ዓይን አንድ ነው። በቴሌስኮፕ ሲታይ ግን ሁለት ነው። ሁለት ወርቅማ ኮከቦች ተጠጋግተው ይታያሉ፤ አንዱ ደመቅ፣ አንዱ ፈዘዝ ያለ ነው። ክዳኑ መነሳቱን ሁለት ጊዜ በእጄ ነክቼ አረጋገጥኩ።

«እዪ።»

ጎንበስ አለች። ብዙ ቆየች። እሷ እንደ ሽማግሌዎቹ አልጮኸችም።

«ሁለት ናቸው» አለች በመጨረሻ።

«ሁለት ናቸው።»

«አይራራቁም?»

«አንዱ ሌላውን እየዞረ ነው የሚኖሩት። ጠጋ ይላሉ፣ ራቅ ይላሉ፣ ተላቅቀው ግን አይሄዱም።» ይህ ሁሉ እውነት ነው፣ ቃል አልጨመርኩም።

«አንዱ ሌላውን አያደርቀውም?»

«አያደርቀውም።»

ዓይኗን ከቱቦው ሳታነሳ «የቱ ነኝ?» አለችኝ።

ሠርጉ ሆነ። አሁን ኑሩና ሰዓዳ ከመናኸሪያው ጀርባ ተከራይተው ይኖራሉ፣ እሷም እርጉዝ ናት። ጋሽ ይማም በየለቅሶ ቤቱ ስለ እሳቱ ያወራሉ፤ በየጊዜው ነበልባሉ ይጨምራል። በዚህ የተነሳ ከጎብዬም ከዋጃም ኮከባችንን እዪልን የሚሉ ሰዎች መድኃኒት ቤቴ ደጅ ይሰለፋሉ። ሳል መድኃኒት ካልፈለጋችሁ ሂዱ ብዬ አባርራቸዋለሁ። ኦሜጋ ሴንታውሪን ለማየት የመጣ ሰው ግን እስከ ዛሬ የለም። ጥቅምት ሲመጣ አንድሮሜዳም ብቻዋን ትመጣለች፣ እኔም ብቻዬን አያታለሁ።

ለኮከብ ቆጠራ ያለኝ ንቀት በአንዲት ጠብታ አልቀነሰም። ለዋጃው ሰውዬ፣ ለሦስቱ ሽማግሌዎች፣ ለቢሮ ኃላፊውም ያለኝ እንደዚያው ነው። ራሴንም አብሬ ከደመርኩ ቆይቻለሁ። ያን ምሽት ሰዓዳ የቱ ነኝ ስትለኝ መልሱን አውቀው ነበር፤ አንቺ ሰማይ ላይ የለሽም ማለት ነበረብኝ። ደማቋ ነሽ አልኳት። ነገም መጥታ ብትጠይቀኝ ደማቋ ነሽ እላታለሁ።